በዚያ ግቢ አቤት አይባልም

ይሄ እውነት ነው።

ሰው ነግሮኝ አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው። "ሕልም ይሆናል" የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ... ሕልም ግን በቀትር፣ በላብ ተጠምቀው፣ ሦስት መቶ ተቀቅሎ ውስጡ የተሞላ እንቁላል ትሪ ላይ ሲደረድሩ አይመጣም።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ነሐሴ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአስር ደቂቃ።

ቦታው ሚሲሲፒ፣ ወንዙ ዳር፣ እኛ ጥቁሮቹ "ትልቁ ቤት" የምንለው ግቢ።

ጨለማ አልነበረም። ዝናብ አልነበረም። መቶ ሃምሳ ወንበር ሣሩ ላይ ተደርድሮ ሙሽራ ይጠብቃል። በጠራራ ፀሐይ ነው የሆነው።

ስሜ ሻንትሬል ነው። አትሳቁ።

በሰሜን፣ ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ በሠራሁባቸው ሃያ ዓመታት ስሜን አስተካክሎ የጠራኝ አለቃ አልነበረም። "ይሄ ደግሞ ከየት የመጣ ስም ነው?" ይሉኛል። ከየትም አልመጣም። እናቴ ናት የሠራችው። አክስቴ ኧርሊንም እንደዚያው ናቸው፤ ኧርል በሚባለው አባታቸው ስም ላይ "ሊን" ተለጥፎላቸው ነው። በኛ ዘር የአያት የቅድመ አያት ስም ለልጅ አይወጣም። አዲስ ስም ይሠራል።

ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ያለመማር ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ እኔ የተማርኩት፣ እኔ የነቃሁት፣ ልጅ ስወልድ ቤተ መዛግብት ገባሁ። ባርነትን ካስቀረው ጦርነት በፊት የተጻፈ የትልቁ ቤት ባሮች ስም ዝርዝር አገኘሁ። ከመሀሉ አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አለች። ከስሟ ቀጥሎ የተጻፈው ሥራዋ ነው... "ማራገቢያ ያዥ"።

ቫይኒ ትባላለች።

ስሟን ለልጄ አወጣሁት። የተቀበረ ሰው ያነሳሁ ያህል ነበር የኮራሁት።

ስልክ ደውዬ ለአክስቴ ስነግራቸው ዝም አሉ።

"አክስቴ? ይሰማዎታል?"

ስልኩ ተዘጋ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

ልጄ አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በነዚህ አሥራ ዘጠኝ ዓመታት አክስቴ ስሟን አንድም ቀን ጠርተውት አያውቁም። "ስኳሬ" ነው የሚሏት። ፍቅር ነው ብዬ አለፍኩት።

ባለፈው ሰኔ እናቴ ስትሞት ከሚልዋኪ ጠቅልለን ሚሲሲፒ፣ አክስቴ ቤት ገባን። አክስቴ ለሰርግና ለቀብር ምግብ ያበስላሉ። በአካባቢው የሳቸውን የዶሮ ጥብስ ያልቀመሰ ሰው ቢኖር ገና ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ነው።

የገባን ቀን ከጓሮ ተጣሩ።

"ስኳሬ!"

"ምን?" አለች ቫይኒ፣ ስልኳ ላይ እንዳቀረቀረች።

አክስቴ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። የእንጨት ማንኪያው በእጃቸው ነው።

"ምን አልሽ?"

"ምን ፈለግሽ ነው ያልኩት።"

ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ! ልጅ ነው ያሳደግሽው ወይስ ድመት?"

በኛ አገር ታላቅ ሲጠራ "ምን" አይባልም። "አቤት" ነው የሚባለው። እኔ በአምስት ዓመቴ "ምን" ብዬ ከንፈሬ አብጦ ነበር። ቃሉ ሲጠሩን ሳናስበው ከአፋችን ይወጣል፤ ተኝተን ቢጠሩን እንኳ።

እኔ ግን ያን ቃል እጠላዋለሁ። እናቴ የሰው ቤት ስታጸዳ ለአንዲት የአሥር ዓመት ነጭ ልጅ "አቤት እመቤቴ" ስትል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ልጄን "ምን" ማለት ያስተማርኳት ሆን ብዬ ነው።

"አቤት ማለት ባርነት ነው አክስቴ" አልኳቸው።

"ለነሱ ስትይው ባርነት ነው። ለኔ ስትይው አስተዳደግ ነው።"

"ቃሉ እኮ አንድ ነው።"

"እጅም አንድ ነው። ያጎርሳልም፣ በጥፊም ይላል" አሉና ማንኪያቸውን ይዘው ሄዱ።

በሁለት ወር ውስጥ ልጄ ተለወጠች። "ስኳሬ!" ሲሏት ከየትም ሆና "አቤት አክስቴ!" ትላለች። እያንጎራጎረችም፣ አፏ ምግብ ሞልቶም፣ እንቅልፍ ላይም ሆና። አክስቴ ፊታቸው በደስታ ይበራል። እኔ ውስጤ ይነድ ነበር። ደግሞም ቀንቻለሁ፤ ልደብቃችሁ አልችልም። ለኔ አንድም ቀን አቤት ብላኝ አታውቅም።

ትልቁ ቤት አሁን የሰርግ ቦታ ሆኗል። ነጫጭ ዓምዶች፣ ሰፊ በረንዳ፣ ከፊቱ እስከ ወንዙ የሚደርስ ጥጥ። ሰው እንደ ከብት በተነዳበት ግቢ ሙሽሮች እየተሳሳሙ ፎቶ ይነሳሉ። አክስቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ "እዚያ ቤት አልሠራም" ብለው ኖረዋል።

በሐምሌ መጨረሻ ከትልቁ ቤት ለሰርግ ምግብ ሊያዙ ሲደውሉ ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

እሺ አልኩ። ሳላማክራቸው።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በዚያ ቤት በፊት ለፊቱ በር መግባት ስለፈለግኩ ነው። ዘሮቼ በጓዳ በር ብቻ የገቡበትን ቤት እኔ በፊት ለፊት ገብቼ ልሠራበት አማረኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም። እልህ ነው።

አክስቴ ሲሰሙ አልጮኹም። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ለሙሽራ የተሰጠ ቃል አይታጠፍም" አሉ። "እንሄዳለን። ልጅቷ ግን ትቀራለች።"

"ለምን?"

በሰርጉ ዋዜማ፣ ዓርብ ጠዋት እንቁላል እየላጥን ነገሩኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቫይኒ ከጎረቤት ሳትመለስ።

"የሰሜኑ መንግሥት ነጻ ናችሁ ካለ ስድስት ወር አልፎት ነበር። ባሮቹ ሁሉ ያውቃሉ። የትልቁ ቤት እመቤት ግን የለም፣ አልሰማሁም አለች። ባሏ ባሪያዬን አልለቅም ብሎ ሊዋጋ ዘምቷል። እሷ ከነባሪያ ነጂው፣ ከነውሾቹ ቤቱን ይዛ ቀረች።"

"እሺ..."

"አንድ ቀን ሰማያዊ ለባሾቹ የሰሜን ወታደሮች በጀልባ መጡ። ከጥጡ ማዶ ቆሙ። አርባ አንድ ሰው ከምሳ በኋላ አንድ በአንድ ወጥቶ ጥጡ ውስጥ በደረቱ ተኛ። ትንሽ ትንሽ እየተሳቡ ወደ ወንዙ... ሕፃን ያላት የሕፃኗን አፍ ይዛ።"

እንቁላሉን አስቀመጡት።

"እመቤቲቱ ቤቱ ጭር ሲልባት ወደ ላይኛው በረንዳ ወጣች። አልጮኸችም። አልተሳደበችም። በጣፋጭ ድምፅ ስም መጥራት ጀመረች። አንዱን ጠራች... ዝም። ሌላውን ጠራች... ዝም። ሁሉም መሬቱን ነክሶ ዝም አለ። መጨረሻ ላይ ማራገቢያ የምትይዝላትን ልጅ ጠራች።"

መዝገቡ ላይ ከልጄ ስም ቀጥሎ ያነበብኩት ሥራ ትዝ አለኝ።

"ልጅቷ ምን ታድርግ! ከተወለደች ጀምሮ ስትጠራ አቤት እንድትል ነው የተገረፈችው። አፏን ሊይዝ የሄደው የእናቷ እጅ ዘገየ። ከጥጡ መሀል 'አቤት እመቤቴ!' አለች።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ያሉበት ታወቀ። ውሾቹ ተለቀቁ። ጀልባው ጋ የደረሱት ሦስት ሰዎች ናቸው። ከሦስቱ አንዷ የኛ ናት። አዲስ ስም የምንሠራው ለዚህ ነው። እመቤቲቱ የምታውቀው ስም በመሀላችን እንዳይኖር።"

"ሞታለች እኮ አክስቴ። መቶ ስልሳ ዓመት አለፋት!"

"መሞቷንማ ሞታለች" አሉ። "መጥራቷን ግን አልተወችም።"

ያን ጊዜ ልጄን እቤት ትቼ መሄድ ነበረብኝ። አሁን አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ግን በንዴት ጦፍኩ። "አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው። "ስም ከወጣ በኋላ ምን ይደረጋል?" አሉኝ። "ለሞተች ነጭ ሴት ብዬ ልጄን አልደብቅም!" ብዬ ተነሳሁ።

አክስቴ ክንዴን ያዙኝ።

"እንግዲያው ስሚ። በዚያ ግቢ ስም አይጠራም። ስትፈልጉኝ አጨብጭቡ። ስማችሁ ሲጠራ ከሰማችሁ እኔ አይደለሁም። አቤት እንዳትሉ። ልጅቷ አንዴ ከመለሰችላት አትመለስልሽም።"

ለቫይኒ ስንነግራት ሳቀች።

"ሁለት ወር ሙሉ አቤት በይ አላላችሁኝም? አሁን ደግሞ አትበይ? በምን ቀን ከናንተ ተወለድኩ!"

እኔም ሳቅኩ። አክስቴ አልሳቁም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ደረስን።

መጀመሪያ ያየሁት አትክልተኛውን ነው። የሣር ማጨጃ ማሽኑ ቆሟል፤ እሱ ግን ለድምፅ መከላከያ የሚደረገውን ወፍራም የጆሮ መሸፈኛ አላወለቀም። ጥላ ስር ተቀምጦ ምሳውን ሲበላም አላወለቀም። ሰላም ስለው በእጁ ብቻ መለሰልኝ።

የቤቱ ኃላፊ ሚስ ሎረል ትባላለች። ቀጭን፣ ፈገግታዋ የማይጠፋ ነጭ ሴት። የስም ካርድ ይዛ መጣች።

"እንግዶቻችን ሠራተኞቹን በስም መጥራት ደስ ይላቸዋል" አለች።

አክስቴ የሳቸውን ገልብጠው ለጠፉት። ሚስ ሎረል የልጄን ስም በትልቁ ጽፋ ደረቷ ላይ ራሷ ለጠፈችላት።

"ቫይኒ! እንዴት ያለ ቆንጆ የድሮ ስም ነው!"

ጮክ ብላ ነው ያለችው። በረንዳው ስር ቆማ።

አክስቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ካርዱን ልቅደደው ብዬ እጄን አነሳሁ። ከዚያ ተውኩት። ልጄ በስሟ ታፍራለች ወይ? አልኩ በልቤ። ያ እልህ ነው የፈጀኝ።

ጓዳ ውስጥ እንቁላል ስሞላ ከላይኛው ፎቅ ድምፅ ሰማሁ።

"ሻ..."

ቆም አልኩ።

"ሻን... ሻንት..."

የሴት ድምፅ ነው። ለስላሳ። ጽሑፍ እያነበበች የምትሰናከል ትመስላለች። እንደ አለቆቼ ሁሉ ስሜ ከብዷት ነው ብዬ ፈገግ አልኩ።

"ሻን..." አለችና ተወችው። በንዴት ትንፋሽ ስታወጣ ሁሉ ሰምቻለሁ።

ሚስ ሎረል ስትገባ "የሙሽራዋ እናት ፈልገውኝ ነው?" አልኳት።

"የትኛዋ እናት?"

"ላይ ያሉት።"

"ላይ ማንም የለም። ሙሽራዋም ቤተሰቧም ፀጉር ቤት ናቸው። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አይመጡም።"

እጄ ላይ ያለው እንቁላል ወደቀ።

ወዲያው ወደ ውጪ ወጣሁ። ልጄን በዓይኔ ፈለግኩ። ከሣሩ ጫፍ፣ ጥጡ ከሚጀምርበት አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ትሪ እያስቀመጠች ነበር። ከኔ ሰማንያ እርምጃ ትርቃለች። አክስቴ በመሀል፣ ትልቁ ዛፍ ስር ቆመው ዶሮ ይደረድራሉ።

ስልኬን አየሁ። ስምንት ሰዓት ከአስር።

ያን ሁሉ ሰዓት ሲጮኹ የነበሩት ፌንጣ መሳይ የዛፍ ነፍሳት ዝም አሉ። አንድ ላይ። አትክልተኛው ተነስቶ ወደ መኪናው ገባና በሩን ዘጋ።

ከዚያ...

"ቫይኒ።"

ከላይኛው በረንዳ ነው። አልተሰናከለችም። ሺህ ጊዜ የጠራችው ስም ነው። ጣፋጭ ነው ድምፁ... የራሴ እናት እንደዚያ አቆላምጣ ጠርታኝ አታውቅም።

በረንዳው ላይ ሰው የለም።

ልጄ ቀና አለች።

እጄን አወናጨፍኩ። አጨበጨብኩ። አክስቴም አጨበጨቡ፤ እጃቸው ቅባት ስለነበር ድምፅ አልወጣውም።

"ቫይኒ... የኔ ልጅ..."

የልጄን ፊት አየሁት። የምታስብ ሰው ፊት አልነበረም። አክስቴ ከጓሮ ሲጠሯት እንደምትሆነው ነው የሆነችው፤ አገጯ ከፍ አለ፣ አፏ ተከፈተ። ሊወጣ ነው። ከዚህ ሰማንያ እርምጃ ሮጬ አልደርስም።

ስለዚህ እኔ ቀደምኳት።

"አቤት!"

ሙሉ ድምፄን አውጥቼ ጮህኩት። ያን የምጠላውን ቃል። "አቤት እመቤቴ!"



"ወዲህ ነይ" አለች ከላይ።

እግሬ ተነሳ። እኔ አላነሳሁትም። በወንበሮቹ መሀል አልፌ፣ ደረጃውን ወጥቼ፣ በፊት ለፊቱ በር ገባሁ። እንደተመኘሁት። አክስቴ ከኋላዬ "አይሆንም! አይሆንም!" ሲሉ ይሰማኛል፤ ዞሬ ማየት ግን አልቻልኩም።

ላይኛው ፎቅ የሙሽራዋ ክፍል ነው። ነጭ ቀሚሷ ተሰቅሏል። መስኮቱ ክፍት ነው። እግሬ መስኮቱ ጋ አድርሶኝ ቆመ።

ከታች ሆኖ ላየው ጥጡ ጥጥ ብቻ ነበር።

ከላይ ግን...

በየመስመሩ መሀል ሰው ተኝቷል። በደረቱ። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር፣ ሠላሳ። ጀርባቸው ብቻ ይታያል። ላብ ያረጠበው ሸሚዝ፣ በሻሽ የታሰረ ፀጉር። ትንፋሻቸው ጀርባቸውን ከፍ ዝቅ ሲያደርገው አያለሁ። ሴቶቹ ከስራቸው ትንንሽ ራሶች ይዘዋል።

ከነሱ መሀል አንዷ ነጭ ሽርጥ ለብሳለች።

ልጄ ናት። እንቁላሉ ያለበት ትሪ ሣሩ ላይ በሥርዓት ተቀምጧል፤ አንድም አልወደቀም።

"የት ናቸው?"

ከኋላዬ ነው። ከወገቤ ቁመት ላይ... ከተቀመጠ ሰው አፍ እንደሚወጣ። ክፍሉ ውስጥ ግን አንድም ወንበር አልነበረም።

ማየት አትችልም ማለት ነው። ሰው ካልነገራት አታያቸውም።

"ጥሩ ልጅ ነሽ" አለች። "ስትጠሪ መጣሽ። ጥሩ ልጅ ደግሞ ስትጠየቅ ትመልሳለች። የት ናቸው?"

መንጋጋዬ ተላቀቀ። እምላችኋለሁ፣ ቃሉ ምላሴ ላይ መጥቶ ተቀምጧል። በአምስት ዓመቴ በጥፊ የገባብኝ ነገር ሁሉ "መልሺ፣ መልሺ" ይለኛል። እጄን አፌ ውስጥ ከትቼ ነከስኩት። ደሜ ሞቆ እስኪወርድ ነከስኩት። ዓይኔንም ከጥጡ ላይ ነቅዬ ጣሪያው ላይ ተከልኩ።

"የት ናቸው?"

ነከስኩት።

"የት..."

"እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

ሚስ ሎረል ናት። በሩ ላይ ቆማለች፣ እንደ ሁልጊዜው ፈገግ ብላ። ከዚያ ደሙን አየችው።

"እጅሽ! ምን ሆንሽ? ከማን ጋር ነበር የምታወሪው?"

"አላወራሁም" አልኩ። እጄን ከአፌ ሳወጣ ጥርሴ አልላቀቅ ብሎኝ ነበር።

"እንዴ! ከደረጃው ጀምሮ እየሰማሁሽ ነው የመጣሁት።" ሳቅ አለች። "'ጥጡ ውስጥ ናቸው እመቤቴ... ጥጡ ውስጥ ናቸው እመቤቴ...' ትይ ነበር። መዝሙር መስሎኝ!"

በዚያ ቅጽበት፣ ከወንዙ በኩል፣ ውሻ ጮኸ።

በዚያ ግቢ ውሻ የለም። ጠዋት ጠይቄያለሁ።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። አክስቴ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከኔ ቀድመው ጥጡ ውስጥ ገብተዋል። ቫይኒን በብብቷ ይዘው ያነሷታል። ዙሪያዋ ጥጡ ተደፍጥጧል... እዚህም እዚያም፣ በሰው ቁመት፣ በሰው ወርድ። ሰው ግን አልነበረም። ውሾቹ እየቀረቡ ነው፤ ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል።

"ፍጠኚ!" አሉኝ አክስቴ። "ወደ ኋላ እንዳታዪ!"

ዶሮውን፣ ድስቱን፣ ሁሉንም ጥለን መኪና ውስጥ ገባን። ሙሽሪት ምን እንደበላች እስከዛሬ አላውቅም።

አስፋልቱ ላይ ስንወጣ የልጄን ፊት በሽርጤ ጠረግኩት። ከአፏ ዙሪያ አፈር ነበር። በአንዱ ጉንጯ አራት የጣት መስመር፣ በሌላኛው አንድ። የራሷ እጅ ይሆናል አልኩ።

"ምን ጠየቀችሽ?" አሉ አክስቴ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ።

"የት ናቸው አለችኝ።"

"ምን መለስሽላት?"

"ምንም።"

አክስቴ በመስታወቱ ውስጥ የተነከሰ እጄን አዩ። ደስ ሊላቸው ሲል... ከኋላ ወንበር፣ ከአጠገቤ፣ ቫይኒ በሹክሹክታ ተናገረች።

"ነገርሽብን።"

"ምን?"

"አንቺ ነሽ የነገርሽብን።"

"እናንተ ማን ናችሁ? ቫይኒ! እኔ ላንቺ ብዬ..."

ስሟን ስጠራ መኪናው ወለል ላይ ወደቀች። ከወንበሩ ስር ገብታ በደረቷ ተኛች። እቤት እስክንደርስ አልተነሳችም።

ይሄ ከሆነ ሦስት ሳምንት አለፈው።

ትበላለች። ትተኛለች። አክስቴ "ስኳሬ" ሲሏት ድምፅ ሳታሰማ ትመጣለች። እኔ ክፍል ስገባ ግን ትወጣለች። አልተናገርኩም ብዬ ምያለሁ፤ እጄን አሳይቻታለሁ። እጄን ታያለች፣ ከዚያ አፌን ታያለች። አክስቴ "ይለቃታል" ይላሉ። እሳቸውም ግን ከኔ ጋር ማዕድ ሲቀርቡ እንደ ድሮው አይጫወቱም።

እውነቱን ልናገር? እኔም አላውቅም። እጄን መንከሴን አስታውሳለሁ። ሚስ ሎረል ደግሞ የምትዋሽበት ምክንያት የላትም።

ትናንት፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። አክስቴ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። ጎረቤታችን ሥራ ስትሄድ የአንድ ዓመት ልጇን እኛ ዘንድ ትታለች። ሕፃኗ መኝታ ክፍል ውስጥ ከቫይኒ ጋር ትጫወታለች፤ "ባ ባ ባ" ስትል ከጓዳ ይሰማኛል። ደስ ብሎኝ ነበር። ቤቱ የድሮ ቤት መስሎኝ ነበር።

መጥበሻው ላይ ያለው ዘይት እሳት ያዘ። ክዳኑ ሩቅ ነው። ረሳሁ... እናት ነኝና ረሳሁ።

"ቫይኒ!" ብዬ ተጣራሁ።

"ባ ባ..." ያለው ድምፅ መሀል ላይ ተቆረጠ።

እሳቱን በእርጥብ ጨርቅ አጠፋሁት። ቤቱ ፀጥ ብሏል። ወደ መኝታ ክፍሉ ሄድኩ። አልጋው ላይ ማንም የለም። የሕፃኗ አሻንጉሊት ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

በጉልበቴ ተንበርክኬ አልጋው ስር አየሁ።

ልጄ በደረቷ ተኝታለች። ሕፃኗን አቅፋ ይዛታለች። በግራ እጇ ወገቧን፣ በቀኝ እጇ አፏን። ሕፃኗ አታለቅስም፤ ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች። ልጄም ታየኛለች። እንደዚያ ያለ ፍርሃት በሰው ዓይን ውስጥ አይቼ አላውቅም፤ የሚፈራውም እኔን ነው።

ሁለቱም እጆቿ ሕፃኗ ላይ ናቸው።

የልጄን አፍ ግን ሌላ እጅ ይዞታል። ከኋላዋ፣ ከግድግዳው በኩል የመጣ። ጥቁር፣ የተሰነጣጠቀ፣ ጥፍሩ ውስጥ አፈር ያለበት የሴት እጅ።

"የኔ ልጅ..." አልኩ።

እጁ አጥብቆ ያዛት።